ኮምፒውተሩ ጠፍቶ የሚነበብ ገጽ፦ የሊኑክስ መጫኛ መመሪያዎችና የአማርኛ አቀማመጣቸው

የካቲት 7 ቀን 2001 ዓ.ም. የወጣው ደቢያን 5.0 የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት የመጫኛ ሜኑውን በ63 ቋንቋዎች አቅርቦ ነበር። በዚያ እትም አዲስ ከገቡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሰው ሲዲውን አስገብቶ «አማርኛ» የሚለውን ከመረጠ በኋላ አገሩን፣ ኪቦርዱን፣ የሃርድ ዲስኩን አከፋፈልና የተጠቃሚውን ስም በገዛ ፊደሉ እያነበበ እስከ መጨረሻው መሄድ ቻለ። በበጎ ፈቃድ የተሠራ ትልቅ ሥራ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ሜኑውን አጅቦ የሚሄደው ረጅሙ የመጫኛ መመሪያ ግን በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በሩሲያኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ሲዘጋጅ በአማርኛ አልወጣም። ኮምፒውተሩ በአማርኛ ይጠይቃል፤ ምን ብሎ መመለስ እንደሚሻል የሚያስረዳው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው።

ክፍተቱን የሞሉት አሠልጣኞች፣ የጥገና ባለሙያዎችና ተማሪዎች በየፊናቸው ያዘጋጇቸው ወረቀቶችና በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ፒዲኤፎች ናቸው። እጄ የገቡትን አንብቤያለሁ። አማርኛቸው ባመዛኙ ደህና ነው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግልጽ ናቸው። የሚሰናከሉት በገጹ አቀማመጥ ላይ ነው፦ ትእዛዙ ከማብራሪያው ጋር ይደባለቃል፣ አራት ነጥቡ ከኮማንዱ ጋር ይጣበቃል፣ ረጅሙ መስመር በማይገባው ቦታ ይሰበራል። በልቦለድ ወይም በዜና ውስጥ እንዲህ ያለውን ጉድለት ዓይን አልፎት ይሄዳል። በመጫኛ መመሪያ ውስጥ ግን የፊደሉ መልክ፣ የመስመሩ ስብራትና የነጥቡ ቦታ ከትእዛዙ ቃል እኩል ሥራ አላቸው፤ አንዱ ሲሳሳት የዓመታት ፎቶግራፍና የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

መጫኛ መመሪያን ከሌላው የኮምፒውተር ጽሑፍ የሚለየው የሚነበብበት ሰዓት ነው። የሠንጠረዥ ፕሮግራም አጠቃቀም የሚያስተምር ገጽ እዚያው ማሽን ላይ ይከፈታል፤ አንባቢው እያነበበ ይሞክራል፣ ቢሳሳት ይመልሳል። የመጫኛ መመሪያ የሚፈለገው ማሽኑ ባዶ ሲሆን ወይም ባዶ ሊሆን ሲል ነው። ስለዚህ የሚነበበው በወረቀት ወይም በስልክ ነው። ሁለተኛ ላፕቶፕ ከጎኑ ከፍቶ የሚያስቀምጥ አንባቢ ይኖራል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ኮምፒውተር ያለው ብዙ ቤት ያለው አንድ ነው፣ እሱንም እህትና ወንድም ይጋሩታል። ገጹን የሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ይህን ነው። የቀሩት የአቀማመጥ ውሳኔዎች ከዚህ ይከተላሉ።

ገጹ በምን ዓይነት አካባቢ እንደሚነበብ ለማየት የአዲስ አበባው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በቂ ነው። በውስጡ ያለችው ካዛንቺስ በመሥሪያ ቤቶች፣ በዓለም አቀፍ ድርጅቶችና በሆቴሎች መካከል ያለች በመሆኗ ጽሕፈት ቤት፣ ኮፒ ቤት፣ ኢንተርኔት ቤትና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ የሚበዛባት ሰፈር ሆና ኖራለች። ኮምፒውተሩ አልነሣ ያለው ሰው «ፎርማት አድርጉልኝ» ብሎ የሚሄደው ወደ እነዚህ ሱቆች ነበር። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዘለው ቫይረስ ሲያማርራቸው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት የሞከሩ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 የኡቡንቱን ሲዲ በፖስታ ለጠየቀው ሁሉ በነፃ ይልክ ስለነበረ ለመሞከር ፈጣን ኢንተርኔት የግድ አልነበረም።

በዚሁ ክፍለ ከተማ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። በኮሚሽኑ ሥር የነበረው ፓዲስ፣ የመላ አፍሪካ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በስልክ መስመር ኢሜይል ያመላልስ ነበር፤ አገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ያገኘችው ከዚያ በኋላ፣ በ1997 ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2002 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ የአይሲቲ ፖሊሲና የሲቪል ማኅበረሰብ ዐውደ ጥናት ደግሞ ፎስፋ ተብሎ የተቋቋመው የአፍሪካ የነፃና የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማኅበር ሐሳቡ ተጠነሰሰ። በእነዚያ ዓመታት ሊኑክስን በመሰለ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ የተደረገው ክርክር ስለ ፈቃድ ክፍያ፣ ስለ ነፃነትና ስለ አገር አቅም ነበር፤ ተገቢ ክርክር ነው። አንድ ልጅ ኮፒ ቤት አባዝቶ ይዞት የሚሄደው ገጽ ምን መምሰል እንዳለበት ግን የማንም አጀንዳ አልሆነም። ጉዳዩ ለፖሊሲ ሰዎች በጣም ትንሽ፣ ለተርጓሚዎች በጣም ቴክኒካዊ፣ ለቴክኒክ ሰዎች ደግሞ የጽሕፈት ሥራ መስሎ መሐል ላይ ቀረ።

ከሥር ያለው መሠረት ግን ተጥሏል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ መስፈርት ውስጥ በ345 ምልክቶች ገባ፤ በ2005፣ በ2010ና በ2021 ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ተከተሉ። ዳንኤል ያዕቆብ የመሠረተው የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛን፣ የትግርኛን፣ የኦሮምኛን፣ የአፋርኛን፣ የሲዳምኛንና የሌሎችንም የቀን፣ የገንዘብና የፊደል ቅደም ተከተል ደንቦች ወደ ሊኑክስ መሠረታዊ የኮድ ቤተ መጻሕፍት አስገባ። ለግእዝ ቋንቋ ከሀለሐመ ሌላ የአበገደ ቅደም ተከተል እንኳ ለብቻው ተዘጋጅቶለታል። አቢሲኒካና ኖቶን የመሰሉ ነፃ ፎንቶች አሉ። ጎሃ የሚባለው ፎንት ደግሞ መስኮትና አይጥ በሌለበት ጥቁሩ ተርሚናል ላይ ሳይቀር የግእዝን ፊደል ያሳያል። ይህን ሁሉ የሠሩ ሰዎች ባይኖሩ ስለ ገጽ አቀማመጥ ማውራት ቅንጦት በሆነ ነበር።

አንድ ጉድለት ግን በቀጥታ መመሪያውን ይነካል። በደቢያን መጫኛ አማርኛ የሚታየው በግራፊክ ገጽታው ብቻ ነው፤ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራው መጫኛ አማርኛን በዝርዝሩ አያቀርብም። አሮጌ የቪዲዮ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ግራፊኩን አልከፍት ካለ ተጠቃሚው ሳይወድ ወደ እንግሊዝኛው ሜኑ ይወድቃል። ያን ጊዜ በእጁ ያለው የአማርኛ ወረቀት «ዲስኮችን ክፈል» የሚል ምርጫ ፈልግ ይለዋል፤ በፊቱ ያለው ስክሪን ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ስለዚህ የአማርኛ መመሪያ እያንዳንዱን የሜኑ ምርጫ በሁለቱም ቋንቋ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ አማርኛውን አስቀድሞ እንግሊዝኛውን አስከትሎ ማሳየት አለበት። ቦታ ይወስዳል። ቢሆንም አንባቢውን መንገድ ላይ ከማስቀረት ይሻላል።

የመጫኛ መመሪያ በአንድ ገጽ ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ይይዛል፦ እርስዎ የሚጽፉት፣ ማሽኑ የሚመልሰው፣ በራስዎ ስም ወይም ቁጥር የሚተኩት። የደቢያን መመሪያ ምንጩ ዶክቡክ በሚባል የኤክስኤምኤል አጻጻፍ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። በምንጩ ውስጥ ደራሲው «ይህ ደማቅ ይሁን» አይልም፤ «ይህ የፋይል ስም ነው»፣ «ይህ በኪቦርድ የሚነካ ቁልፍ ነው»፣ «ይህ የሚተካ ነው» ብሎ ያስታውቃል። መልኩን በኋላ ማሽኑ ያለብሰዋል። ተርጓሚ እነዚህን ምልክቶች ሲያበላሽ ወይም ሲዘል ሦስቱ ጽሑፎች አንድ ላይ ይቀልጣሉ።

በዚህ ጉዳይ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። የዩኒክስ ማኑዋል ገጾችን የሚያዘጋጀው ግሮፍ የሚባለው ፕሮግራም ተራውን ጭረት ለማንበብ ወደሚያምረው የሕትመት ጭረት የሚቀይርበት ልማድ አለው። ለዓይን ልዩነታቸው አይታይም፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከማኑዋሉ ቀድቶ ተርሚናል ላይ የለጠፈ ሰው ትእዛዙ ትክክል ሆኖ ሳለ ስሕተት ይመለስለታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ግሮፍ 1.23 ይህን ጠባዩን እንደገና ሲያጠብቅ ደቢያንን የመሰሉ ሥርጭቶች ለተጠቃሚዎቻቸው ሲሉ የቀድሞውን ተራ ጭረት በማስተካከያ አስቀሩ። ፍሪቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ዘር ሥርዓት ደግሞ በጃንዋሪ 2021 መላ ሰነዶቹን ከዶክቡክ አስኪዶክ ወደሚባል ሌላ አጻጻፍ አዛወረ። እንዲህ ያለ ዝውውር የተሰበሩ ሠንጠረዦችና ቦታቸውን የሳቱ ትእዛዞች ትቶ ያልፋል፤ ለቅሞ የሚያስተካክላቸው ሰው ይፈልጋሉ። እርማቶቹ አንድ ቦታ አንድ ፊደል፣ ሌላ ቦታ አንድ ባዶ መስመር ናቸው። ይህን ሥራ የሚንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ያሳዝነኛል፤ መመሪያው የሚታመነው በእነዚህ እርማቶች ነውና።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ችግሩ ይከብዳል። እንግሊዝኛው ልዩነት የሚያሳይባቸው ሁለት ዋና መሣሪያዎች፣ ትልቁ ፊደልና የተጋደመው ፊደል፣ በእኛ ጽሕፈት የሉም። ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል የለንም፤ የግእዝን ፊደል ማጋደምም የሕትመት ባህላችን አይደለም፣ ሲደረግም ፊደሉን ያጣምመዋል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቅዱሳን ስሞችንና የምዕራፍ መጀመሪያዎችን በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር። ያማረና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ በስክሪን ላይ ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን የእኛ ገጽ ወደ ጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ይገባል፤ ከዚያ ሲወጣ ቀዩም ጥቁሩም አንድ ይሆናሉ። ደማቅ ፊደልም ቢሆን በሦስተኛው ኮፒ ላይ ተራው ፊደል ራሱ ስለሚደምቅ ይጠፋል።

የዚህ ጉድለት ዋጋ የሚታየው መጫኛውን ወደ ፍላሽ በሚጽፈው ትእዛዝ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው መመሪያ የፍላሹን ስም ሲጽፍ «ኤስዲ» ካለ በኋላ በትልቁ ኤክስ ይጨርሳል፤ ኤክሱን በራስህ ፍላሽ ፊደል ተካው ማለቱ ነው። ልምዱ የሌለው አንባቢ ኤክሱን እንዳለ ይጽፈዋል። ያን ጊዜ የሚሆነው ነገር ተንኮለኛ ነው፦ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስላለው ማሽኑ በዚያ ስም ተራ ፋይል በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው (ራም) ውስጥ ይፈጥራል፣ ስሕተት ሳያሳውቅ ሥራውን ሊጨርስም ይችላል፣ ፍላሹ ግን ምንም አልተጻፈበትም። ተማሪው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል።

ከዚህ የሚብሰው ተቃራኒው ነው። አንዳንድ የአማርኛ ወረቀት አዘጋጅ ለአንባቢው እንዲቀልለት ብሎ ኤክሱን አጥፍቶ በራሱ ማሽን ላይ ያየውን ስም ያስገባል። በእሱ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ «ኤስዲኤ»፣ ፍላሹ «ኤስዲቢ» ነበር እንበል። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ያስገባ ሰው ዘንድ «ኤስዲቢ» ሰነዶቹ የተቀመጡበት ዲስክ ሊሆን ይችላል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ዋናው ዲስክ ሌላ ስም ስለሚይዝ ፍላሹ ራሱ «ኤስዲኤ» ሆኖ ይመጣል። ትእዛዙ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። የታዘዘውን ዲስክ ከመጀመሪያው አንሥቶ ይጽፍበታል። አዘጋጁ ክፉ አላሰበም፤ ገጹ ግን «ይህን ተካ» የሚል ምልክት ስላጣ የእሱ ማሽን ስም የሁሉ ሰው ሕግ ሆነ።

መፍትሔው ግን በእጃችን ነው፤ እንዲያውም እንግሊዝኛ የሌለው መሣሪያ አለን። ትእዛዙ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ማብራሪያችን በግእዝ ፊደል ነው። እንግዲያው የሚተካውን ነገር በትእዛዙ መሐል በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፦ በላቲኑ መካከል ‹የፍላሽህ ስም› የሚል የግእዝ ጽሑፍ በማዕዘን ቅንፍ ተከቦ ይቀመጥ። ፊደሉ ራሱ ስለሚለያይ ቀለም፣ ድምቀት ወይም መጋደም አያስፈልገውም። አሥር ጊዜ ፎቶኮፒ ቢደረግ ልዩነቱ አይጠፋም። በቴሌግራም ያለ ምንም ማስዋቢያ ቢላክም እንዳለ ይደርሳል። በላቲን ኪቦርድ እየጻፈ ያለ ሰው የአማርኛውን ቃል እንዳለ ሊጽፈው ቢሞክር እንኳ እጁ ይቆማል፤ መቆሙ ደግሞ የተፈለገው ነገር ነው። የእንግሊዝኛውን ኤክስ በታማኝነት ከሚያስቀር ትርጉም ይህን እመርጣለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ደንብ ሆኖ እንዲያዝም እሟገታለሁ።

ሁለተኛው ችግር ከቋንቋችን ጠባይ ይመጣል። በ፣ ለ፣ ከ፣ የ ከሚከተላቸው ቃል ጋር ይጣበቃሉ። ቃሉ የላቲን ኮማንድ ወይም የፋይል ስም ሲሆን ምን ይደረግ? አንዱ አዘጋጅ አጣብቆ ይጽፋል፤ ሌላው ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ብዙዎች ደግሞ በመካከል ጭረት ያስገባሉ። ሦስተኛው በሌላ ጽሑፍ የተለመደና ንጹሕ ነው፤ እዚህ ግን አደገኛ ነው። በሊኑክስ የትእዛዝ አማራጮች በጭረት ስለሚጀምሩ አንባቢው ጭረቷን የትእዛዙ አካል አድርጎ ሊወስዳት ይችላል። መውጫው ቀላል ነው፦ መስተዋድዱን በአማርኛ ስም ላይ ማሳረፍ። የላቲኑን ስም ለብቻው ካስቀመጡ በኋላ «የተባለው ፋይል ውስጥ»፣ «በሚለው ትእዛዝ» ቢሉ ዓረፍተ ነገሩ ጥቂት ይረዝማል እንጂ አይጎዳም። አማርኛችን «የተባለው»ን ችሎ የሚሸከም ቋንቋ ነው።

አራት ነጥብም እንዲሁ። በማብራሪያ መካከል የገባ ትእዛዝ ዓረፍተ ነገሩን ከዘጋ «።» ከመጨረሻው ፊደል ጋር ይጣበቃል፤ በስልክ ቀድቶ የሚለጥፍ ሰው ነጥቡን ጨምሮ ይወስዳል፣ ማሽኑም እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይለዋል። ትእዛዝ ሁልጊዜ በራሱ መስመር፣ ከላይ በ«፦» ተዋውቆ፣ ከኋላው ምንም ነጥብ ሳይኖረው ይቁም። ከፊቱ ያለው «#» ወይም «$»ም ይነሣ፤ እነዚህ አስተዳዳሪንና ተራ ተጠቃሚን የሚለዩ ምልክቶች ናቸው እንጂ የሚጻፉ አይደሉም። «#»ን ጨምሮ የለጠፈ ሰው ማሽኑ መስመሩን እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ ዝም ሲለው ሥራው የተሠራ ይመስለዋል። ማን ሆኖ እንደሚጽፍ በአማርኛ «እንደ አስተዳዳሪ ሆነው» ብሎ መናገር ይበቃል።

አራት ነጥብን በሁለት «፡» ምልክቶች ደርድሮ መጻፍ ከድሮዎቹ የጽሕፈት ፕሮግራሞች የወረስነው ልማድ ነው። ለዓይን ያው ነው፤ ፍለጋና ማረሚያ ለሚያደርግ ፕሮግራም ግን ሌላ ነገር ነው። ከእነዚያ ፕሮግራሞች የወረስነው የባሰ ዕዳም አለ። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግእዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ የግእዝን መልክ ስለሚያስቀምጡ በእነሱ የተጻፈ የሥልጠና ወረቀት ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት አማርኛው ወደማይነበብ የላቲን ዝባዝንኬ ይለወጣል። ሊኑክስ ሊያስተምር የተጻፈ ወረቀት ሊኑክስ ላይ የማይነበብ ሆኖ ማየት የሚያስቆጭ ነው። እንዲህ ያሉትን ወደ ዩኒኮድ መልሶ መጻፍ ከማንኛውም አዲስ ትርጉም መቅደም አለበት ባይ ነኝ፤ በውስጣቸው የብዙ አሠልጣኞች ልምድ አለና።

አንድ የአጻጻፍ ነጥብ ልጨምር፤ ቁልፎችን በሳጥን ውስጥ የማሳየትን አስፈላጊነት በግልጽ ያሳያልና። «ይጫኑ» ሲጻፍ ሶፍትዌር መጫንም ቁልፍ መጫንም ነው፤ በንግግር የሚለያቸው መጥበቅና መላላት በጽሕፈት አይታይም። ስለ መጫን በተጻፈ መመሪያ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም በየገጹ ይመጣሉ። የቁልፉ ስም ሁልጊዜ በትንሽ ሳጥን ከተከበበ ግን አንባቢው ሳጥኑን ሲያይ እጁ ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል፤ ጥርጣሬው ያበቃል። ዶክቡክ ለዚህ የተለየ ምልክት አለው፤ መጠቀም ብቻ ነው የሚቀረው።

ስልክ ላይ የሚነበበው ገጽ የራሱ ጣጣ አለው። ለኤ4 ወረቀት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ በስልክ ሲከፈት ፊደሉ ይደቃል፤ ሲያጎሉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ረጅም ትእዛዝ በሁለት መስመር ሲሰበር አንድ ትእዛዝ ይሁን ሁለት አንባቢው አያውቅም። ትእዛዙን ማሳጠር ካልተቻለ መስመሩ የተሰበረበትን ቦታ በምልክት ማሳየት፣ ከታችም «ይህ አንድ መስመር ነው» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ዜሮንና ኦን፣ አንድንና ኤልን የማይለይ ፎንት ለትእዛዝ አይሁን። የወረደው ፋይል ያልተበላሸ መሆኑን የሚያረጋግጠው የሻ256 ቁጥር 64 ፊደላት አሉት፤ እሱን በዓይን አስተያዩ ማለት አንባቢን ማድከም ነው፣ ማሽኑ ራሱ እንዲያመሳክር የሚያደርገው ትእዛዝ ይሰጠው።

የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ፤ ክርክራቸው ክብደት አለው። አንደኞቹ «እንግሊዝኛውን ይማሩ» ይላሉ። የስሕተት መልእክት የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ መፍትሔውም የሚፈለገው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ አማርኛው ለአንድ ቀን ረድቶ በማግስቱ ይተዋል ባዮች ናቸው። ስለ ማግስቱ እውነት አላቸው። ሃርድ ዲስክ የሚጠፋው ግን በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የማይመለሱት ውሳኔዎች ሁሉ ያሉት በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ሰው በሚገባ በሚረዳው ቋንቋ መጠንቀቅ ያለበት ያን ጊዜ ነው። ሌሎቹ ቪዲዮ ይበቃል ይላሉ። ቪዲዮ የእጅን አካሄድ በማሳየት ጽሑፍን ይበልጣል፤ ከቪዲዮ ላይ ግን ትእዛዝ መቅዳት አይቻልም፣ ለኢንተርኔት ጥቅል የሚከፈለውም ከአንድ ወረቀት ኮፒ ይበልጣል፣ እትሙ ሲቀየርም አንዷን ዓረፍተ ነገር ነጥሎ ማረም የለም።

እትሙ ደግሞ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የወጣው ደቢያን 12 የገመድ አልባ ኔትወርክ ካርድና የመሳሰሉት የሚፈልጉትን ፈርምዌር በዋናው መጫኛ ውስጥ አካተተ፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ ወረቀቶች ግን ዛሬም ፈርምዌሩን በሌላ ፍላሽ ይዘህ ና ይላሉ። በኦገስት 2025 የወጣው ደቢያን 13 በበኩሉ ለ32 ቢት ፒሲዎች መጫኛ ማዘጋጀቱን አቆመ። አሮጌ ማሽን ይዞ የቀረ ተማሪ ይህን ሳያውቅ በወር ጥቅሉ ትልቅ ፋይል አውርዶ ይከስራል። ገጾች ከመጽሐፋቸው ተነጥለው በፎቶና በስክሪንሾት ስለሚዘዋወሩ የእትሙ ቁጥርና የተዘጋጀበት ቀን በሽፋኑ ላይ ብቻ መሆን የለበትም፤ በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ ይጻፍ። ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን።

የሚቀየረው እትሙ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩም ይቀየራል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የኮሪደር ልማት አብዛኛው የድሮው ካዛንቺስ ፈርሶ ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። የኮምፒውተር ሱቆችም አብረው ተበተኑ። በእነዚህ ሱቆች የነበረው እውቀት በአብዛኛው በባለሙያው እጅና በአፍ የሚኖር ነበር፤ ደንበኛው የሚያውቀው ሱቁን እንጂ አሠራሩን አልነበረም። ሰፈር ሲበተን እንዲህ ያለው እውቀት ተከታይ አድራሻ አይተውም። በተስተካከለ ገጽ የተጻፈ መመሪያ ይህን ሁሉ ይተካል አልልም፤ ጥገና የሰው ሥራ ነው። ነገር ግን አያትና ገርጂ የሄደው ጠጋኝም፣ ቂርቆስ የቀረው ተማሪም አንድ ዓይነት ወረቀት በእጃቸው ቢኖር ልምዳቸው በአንድ ቦታ ሊጠራቀም ይችል ነበር።

ለመጀመር ብዙ ሰው አያስፈልግም። ደቢያን የመመሪያውን ምንጭ ለማንም ክፍት አድርጎታል፤ ተርጓሚው ፒኦ በሚባለው ፋይል ውስጥ እንግሊዝኛውን ከላይ አማርኛውን ከታች አድርጎ አንቀጽ በአንቀጽ ይሠራል። የትርጉም ማረሚያ መሣሪያዎችም ቋንቋችንን ያውቁታል፦ ትራንስሌት ቱልኪት የሚባለው የአማርኛን ነጥቦች ለይቶ ያውቃል፣ የእንግሊዝኛው ነጥብ በ«።» መተካቱን ይመረምራል፣ ትልቅ ፊደል ስለሌለን ያንን ፈተና ይተወዋል። አማርኛ የማያነብ የውጭ አስተባባሪ እንኳ የጠፋ ምልክት ወይም የተሰበረ ተለዋዋጭ በዚህ መንገድ ሊይዝ ይችላል። አዲስ የሚገባ ተማሪ ከትርጉም በፊት ከእርማት ቢጀምር ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ትእዛዞቹን በየመስመራቸው ያስቀመጠ ሰው ምዕራፉን ከተረጎመው ሰው ያላነሰ ያውቀዋል።

ከምዕራፎቹ ሁሉ የመጠባበቂያ ቅጂ ስለ መያዝ፣ ፍላሹን ስለ ማዘጋጀትና ዲስኩን ስለ መክፈል የሚናገሩት ሦስቱ ይቅደሙ። የራስ ሰር ጭነትና የብርቅ ማሽኖች ክፍል ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከእንግሊዝኛው ተተርጉሞ የማይገኝ አንድ አንቀጽ ደግሞ አዲስ መጻፍ አለበት፦ በመጫኛው ጊዜ የአማርኛ ኪቦርድ የመረጠ ሰው የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ፊደሉ በስክሪኑ ላይ እንዲታይ ካላደረገ በቀር በየትኛው ኪቦርድ እየጻፈ እንዳለ አያውቅም፤ በላቲን ያስገባው መስሎት በግእዝ ካስገባው ማሽኑ ተነሥቶ ሲጠይቀው በራሱ ኮምፒውተር በር ላይ ይቀራል። ከይለፍ ቃሉ ደረጃ በፊት፣ በራሱ ሳጥን ውስጥ፣ ኪቦርዱን ወደ ላቲን የሚመልሰው ቁልፍ የትኛው እንደሆነና ፊደሉ በሚታይበት ቀዳሚ መስክ ላይ አንድ ፊደል ጽፎ እንዴት ማረጋገጥ እንደሚቻል ይገለጽ።